ለሁለት ጥያቄ ጊዜ የለም፣ ለዊዳል ግን አለ

ሰሞኑን ደሴ ላይ በተካሄደ የጤና ባለሙያዎች ስብሰባ አንድ ኃላፊ ስለ ድባቴ ሕክምና ተጠይቀው «እሱ የአእምሮ ሐኪም ሥራ ነው፤ የተመላላሽ ክፍል ሐኪም ያን ሁሉ ወረፋ ይዞ ስለ ኀዘን የሚያወራበት ጊዜ የለውም» አሉ። ተጨበጨበላቸውም።

እስቲ የጊዜውን ነገር እንየው። «ራሴን ይዞረኛል፣ ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» እያለች ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታ የምትመጣ ሴት ካርድ ይገለጥ። ዊዳልና ዌል ፊሊክስ (የታይፎይድና የታይፈስ የደም ምርመራዎች)፣ ሰገራ፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ፣ የጨጓራ አሲድ መቀነሻው ኦሜፕራዞል፣ የቫይታሚን ቢ መርፌ። ከወር በኋላ ያው እንደገና። ዊዳል ታይፎይድ በበዛበት አገር አንዴ ተሠርቶ የሚታመን ምርመራ አይደለም፤ ድሮ ታሞ የዳነውንም «ፖዘቲቭ» ይለዋል። አንቲባዮቲኩ ሲፕሮ ይታዘዛል። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ስትል ደግሞ ጨጓራ ተብሎ ይጻፍላታል! ለዚህ ሁሉ ጊዜም ገንዘብም ተገኝቷል። ያልተገኘው ድባቴን ለሚጠቁም ሁለት ጥያቄ የሚሆን አንድ ደቂቃ ነው፦ ባለፉት 2 ሳምንታት ነገር ሁሉ አላስደስት ብሎሻል? ሲከፋሽ ወይ ተስፋ ስትቆርጪ ሰንብተሻል? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ 3 ከደረሰ ወደ ዘጠኙ የድባቴ መለኪያ ጥያቄ መሄድ ነው። እዚያም ከ27 ውስጥ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣች ሴት «ጨጓራ ነው» ተብላ አትሸኝም። ደም ማነስ፣ ታይሮይድ፣ ቲቢ አይታይ ያለ የለም፤ ጎን ለጎን ይታያል።

የአእምሮ ሐኪም ሥራ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ኤምኤችጋፕ የተባለው የአእምሮ ጤና ፕሮግራም እኮ የተዘጋጀው ስፔሻሊስት ላልሆኑት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ባለፈበት ከተማ ድባቴን ለጥቂት ስፔሻሊስቶች ትቶ መቀመጥ ሕመምተኛውን ማባረር ነው።

«ስለ ሞት ከጠየቅነው እናስታውሰዋለን» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። አለመጠየቅ ግን ራሱን ሊያጠፋ ላሰበ ሰው የድባቴ መድኃኒት የሆነውን አሚትሪፕቲሊን የወር አስይዞ መስደድ ሊሆን ይችላል፤ ይህ መድኃኒት ሲበዛ የልብ ምትን አዛብቶ ይገድላል። ለእንዲህ ያለው ታካሚ የሳምንት ብቻ ተሰጥቶ ቤተሰብ ይያዝለት።

ሲታከምም ይበላሻል። አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም ማታ ማታ ተብሎ ለወራት ይተዋል፤ ይህ መጠን ለእንቅልፍና ለሕመም ይጠቅም ይሆናል፤ ለድባቴ ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፣ ቀስ በቀስ ወደ 100 እና 150 ይወጣል። ሌላው የድባቴ መድኃኒት ፍሎክሰቲን ለብዙዎች 20 ሚሊግራም ጠዋት ይበቃል። የሚያቅለሸልሸውና የሚያቁነጠንጠው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ የሚያሽለው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሆነ ይህ ያልተነገረው ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ በ10 ቀኑ ይጥለዋል። የተሻለውም ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥል። ጸበሉም ዱዓውም አይቅር፤ ክኒኑ ግን አይቋረጥ።

ያለ እንቅልፍ ቀናት የሚያሳልፍበት፣ ከልክ በላይ የሚፈነድቅበትና ገንዘብ የሚበትንበት ጊዜ የነበረው ሰው፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማውም፣ ወደ ስፔሻሊስት ይላክ፤ በዚህ አልከራከርም። ሌላውን ጤና መኮንኑም ጠቅላላ ሐኪሙም ያክመዋል። ሁለቱን መድኃኒቶች በጤና ጣቢያው ፋርማሲ ወር ከወር ሳይቋረጡ ማቅረብ ግን የሐኪሙ ሳይሆን የእነዚያ የሚጨበጨብላቸው ኃላፊዎች ሥራ ነው።