አሴቶን ለብረት እንጂ ለፕላስቲክ አይሆንም
ወደ ትንንሽ ወታደሮች ጨዋታ (ቀለም በተቀቡ ትንንሽ ቅርጻ ቅርጾች፣ ማለትም ምስሎች፣ ጠረጴዛ ላይ ወደሚደረገው የጦርነት ጨዋታ) ለሚመለሱ የተጻፈው ይህ ጽሑፍ «የድሮውን ቀለም ለማስለቀቅ አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ) ውስጥ ንከሩ» ማለቱ ይስተካከል፤ ይህ ለብረት ምስል ብቻ ነው የሚሠራው። አብዛኞቹ የፕላስቲክ ምስሎች ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፣ አሴቶን ሲነካቸው ይሟሟሉ፤ ቀድሞ የሚጠፋው ደግሞ ያ ሁሉ የተለፋበት ፊትና ጣት ነው። ለፕላስቲክ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ይበቃል፦ ክዳን ባለው ዕቃ ከ2 እስከ 24 ሰዓት ዘፍዝፎ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ማሸት። መስኮት ይከፈት፣ እሳት አይቅረብ፣ ጓንት ይደረግ። ስንጥቅ ውስጥ የቀረውን ቀለም በመርፌ አትፋቁ፤ ጭረቱ አዲሱ ቀለም ሲቀባ ጎልቶ ይወጣል። መልሳችሁ ዘፍዝፉት። ሬዚንን (በሻጋታ ፈስሶ የሚጠነክር ሌላ ዓይነት የምስል መሥሪያ) አልኮሉም ሊያለሰልሰው ስለሚችል መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩ። በሱፐር ግሉ የተጣበቀ ክንድ ሊላቀቅ ይችላል፤ በፕላስቲክ ሙጫ የተያያዘው ግን ፕላስቲኩ ራሱ ስለተዋሃደ አይነቃነቅም። ከእኔ በላይ፣ በብረት ምስሎቻቸው ላይ ስላዩት ነጭ ዱቄት ለጠየቁት አስተያየት ሰጪ፦ ምስሎቹ እርሳስ ያለበት የድሮ ቅይጥ ከሆኑ ዱቄቱ የእርሳሱ ዝገት ነው፣ መርዛማም ነው። በደረቁ አይቦርሹት፣ አቧራው ይተነፈሳል፤ በጓንት፣ በውሃ እያረጠቡ ያጽዱት። ከእንጨት መሳቢያም ያውጧቸው፤ እንጨቱ የሚለቀው የአሲድ እንፋሎት ያባብሰዋል።