ዋናውን ፋይል ሳታዩ ወደ ጄፔግ አትቀይሩ

ደሴ ውስጥ አንድን የድሮ ቤት ከውስጥ ፎቶ ማንሳት ከባድ ሥራ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ ዓይነት ሰፊ ቤት ያነሳ ሰው ያውቀዋል። በሩ ሲከፈት የውጭው ብርሃን ቦግ ብሎ ይገባል፤ ጣሪያውና ጥጋጥጉ ግን ጨለማ ነው። ለጣሪያው ብለህ ብርሃን ስትጨምር የበሩ በኩል ጭልጥ ብሎ ነጭ ይሆናል። ለበሩ ስትል ደግሞ ጣሪያው ይጠፋል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስረህ ያንኑ ቦታ በተለያየ የብርሃን መጠን ደጋግመህ ታነሳለህ። ከዚያ ፎቶዎቹን ወደ አንድ ኤችዲአር (ከጨለማው እስከ ደማቁ ያለውን ብርሃን አብሮ የሚይዝ) ፋይል ታዋህዳቸዋለህ። የጣሪያው እንጨትም የበሩ ብርሃንም እዚያ ውስጥ አለ። እስከዚህ ድረስ የከተማችን ፎቶ አንሺዎች ጎበዞች ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ፋይሉ በተራ የፎቶ መመልከቻ አልከፈት ይላል። ስለዚህ ወደ ጄፔግ ይቀየራል፣ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፣ ዋናው ደግሞ «ቦታ ያዘብኝ» ተብሎ ይሰረዛል።

ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ለማስቀረትም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ተርሚናል ላይ፣ ማለትም ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት የኮምፒውተር መስኮት፣ የሚሠሩ ነጻ ፕሮግራሞችን መልመድ ይበቃል።

መጀመሪያ የሚጣለውን እንወቅ። ተራ ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው ደረጃ 256 ብቻ ነው። ኢንደስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ የተባለው የፊልም ቅንብር ኩባንያ ሠርቶ በ2003 እ.ኤ.አ. በነጻ የለቀቀው ኦፕን ኢኤክስአር የተባለ የኤችዲአር ፋይል ዓይነት ግን በተለመደው ባለ 16 ቢት አጻጻፉ እስከ 65,504 የሚደርስ የብርሃን ዋጋ ይይዛል። ከጥላው ውስጥ ያለውንም በጥቃቅን ክፍልፋይ ይመዘግባል። ወደ ጄፔግ ስትቀይር ይህ ሁሉ ይቆረጣል። አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

እኔ የምወደው ከዚህ የሚቀድመውን የሬዲያንስን ፋይል ነው። ሬዲያንስ ግሬግ ዋርድ በካሊፎርኒያው ሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላብራቶሪ የሠራው የብርሃን ማስሊያ ሶፍትዌር ነው። ፋይሉ እያንዳንዱን ነጥብ በ4 ባይት ይጽፋል። ሦስቱ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ናቸው፤ አራተኛው ሦስቱ የሚጋሩት ማባዣ ነው። ደስ የሚለው ነገር የፋይሉ መጀመሪያ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ መሆኑ ነው። ጌትኢንፎ (getinfo) የሚለውን ትዕዛዝ ጽፈህ የፋይሉን ስም ስትሰጠው ያንን ጽሑፍ አውጥቶ ያሳይሃል። ምስሉ ያለፈባቸው ትዕዛዞች እንኳ እዚያው ተጽፈው ታገኛቸዋለህ።

«ኤክስፖዠር» (EXPOSURE) የሚል መስመር ካየህ ቆም በል። ቁጥሩ 4 ከሆነ አንድ ሰው ምስሉን አራት እጥፍ አድምቆታል ማለት ነው። የመጀመሪያውን የብርሃን መጠን የሚፈልግ ሰው ለ4 ማካፈል አለበት። ሁለት እንዲህ ያለ መስመር ካለ ቁጥሮቹ ይባዛሉ። ይህንን የሚነግርህ ጄፔግ የለም።

ለኢኤክስአር ደግሞ ኢኤክስአር ሄደር (exrheader) የሚባል ትዕዛዝ አለ። ስፋቱን፣ የቀለም ክፍሎቹንና የታመቀበትን ዘዴ ይዘረዝራል። አንብበህ ስትጨርስ ነው ወደ መቀየር የምትሄደው። ሬዲያንስ ውስጥ ያለው ፒኮንድ (pcond) የሚባል ትዕዛዝ ምስሉን ለስክሪን በሚሆን መጠን ያሰናዳል፤ ከፈለግህ የሰው ዓይን እንደሚያየው አድርጎ። ብዙዎች የሚያውቁትን የምስል መቀየሪያ ፕሮግራም ኢሜጅማጂክን የምትጠቀም ከሆነ ግን አንድ ነገር አስቀድመህ አጣራ። የኤችዲአር ድጋፍ ሳይጨመርበት የተሠራ ከሆነ ከነጭ በላይ ያለውን ብርሃን ሁሉ ዝም ብሎ ይቆርጠዋል። ስሪት 7 ላይ ድጋፉ ራሱ አብሮ ይመጣል። ስሪቱን ስትጠይቀው በሚያወጣው ጽሑፍ ውስጥ «ኤችዲአርአይ» (HDRI) የሚለውን ፈልግ።

«ስልኬ ራሱ ኤችዲአር ያነሳ የለ?» የሚሉ አሉ። ያነሳል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ራሱ አዋህዶ፣ ራሱ ወስኖ፣ ያለቀለትን ጄፔግ ነው የሚሰጥህ። ለሠርግ ፎቶ እሰየው። ለቅርስ መዝገብ አይሆንም።

ኢንተርኔት ላይ የሚቀይሩ ገጾች አሉ የሚሉም አሉ። ባለ 24 ሚሊዮን ነጥብ ምስል ሳይታመቅ በሬዲያንስ አጻጻፍ 96 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ ፎልደር ሙሉ በሞባይል ዳታ ከደሴ ስቀል ቢሉህ ትሰቅላለህ? ትዕዛዙ ግን እዚያው አሮጌ ላፕቶፕህ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። አንድ መስመር ጽፈህ ፎልደሩን በሙሉ ታስቀይረዋለህ። መብራት ቢሄድብህ የቱ ጋ እንደቆመ አይተህ ከዚያው ትቀጥላለህ።

የሚያስተምር ደግሞ ሩቅ አይደለም። ሐረጎን ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም አለ። ተርሚናል የለመዱ የኮምፒውተር ተማሪዎች እዚያ አሉ። ካሜራና ትራይፖድ ያላቸው ልጆች ደግሞ ደሴ ናቸው። ሁለቱን አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ ማገናኘት ምን ያቅታል?

ቅርስ ፎቶ እንዲነሳለት ገንዘብ የሚከፍሉ መሥሪያ ቤቶችም ከዛሬ ጀምሮ ውላቸው ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ። ፎቶ አንሺው ጄፔጉን ሲያስረክብ ዋናውን ኤችዲአር ፋይል፣ ከካሜራው የወጡትን ፎቶዎችና የተጠቀመባቸውን ትዕዛዞች በጽሑፍ አብሮ ያስረክብ። የመጨረሻው ክፍያ ከዚያ በኋላ ይፈጸም።