እርማት፦ አንቀጽ 11 ማተብ አያስበጥስም

ከደሴና ከኮምቦልቻ ወገኖቼ ደጋግሜ ያነበብኩት አስተያየት ፍሬ ሐሳቡ ይህ ነው፦ «ሕገ መንግሥቱ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ስለሚል፣ ሥራ ቦታ ማተብ ማሰርም ሆነ እምነትን መግለጥ ክልክል ነው፤ አሠሪው ማባረር ይችላል።» በቅንነት እንደተጻፈ አልጠራጠርም፤ ግን ልክ አይደለም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንዳይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ። የእኔና የእርስዎ ጉዳይ ያለው አንቀጽ 27 ላይ ነው፤ እምነትን ብቻን ወይም ከሌሎች ጋር፣ በይፋም ሆነ በግል መግለጥ መብት ነው ይላል። ገደብ የለውም ማለት አይደለም። ንዑስ አንቀጽ 5 ለሕዝብ ደህንነት፣ ለጤና፣ ለሌሎች መብት ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ያስቀምጣል። በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ «የተንጠለጠለውን መስቀል ወደ ውስጥ አስገባው» ቢባሉ የደህንነት ነገር ነው፤ «ማተብህን በጥስ» ግን ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26ም ሃይማኖት የሥራ ውል ማቋረጫ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ጽፏል። (ይኸው አንቀጽ ሂጃብ የለበሰችውን ባልደረባችንንም ይጠብቃል፤ ወሎ ላይ ይህን መርሳት ነውር ነው።)

ስህተቱ ዋጋ ያስከፍላል፦ «ሕጉ ነው» ብሎ አምኖ መልቀቂያ የፈረመ ሰው፣ በኋላ ያለ አግባብ ተባረርኩ ብሎ መከራከር ይከብደዋል። ከመፈረምዎ በፊት ሁለቱንም ሰነዶች ከነጋሪት ጋዜጣ ላይ በአማርኛ ያንብቡ፤ ካልሆነም የሠራተኛ ማኅበሩን ይጠይቁ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ደግሞ የሚመለከትዎ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው።