ደረቅ ቼክ ሜት

ዛሬ የማመሰግነው ቼዝ ሳይጫወቱ ቼዝን ያስፋፉልንን ሰዎች ነው። እነሱ ባይኖሩ ይሄ ጨዋታ ድሮ ተረስቶ ነበር። የሚጫወተውማ ምን ይጠቅማል? አቀርቅሮ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። በአንድ ቡና ወንበር ይዞ ይውላል። ቢያሸንፍ እንኳ የሚያውቅለት የለም። ቼዝ አጠገብ ፎቶ የሚነሳ ሰው ግን አገር ያየዋል።

ነገሩ የገባኝ እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ሎቢ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም። ማኪያቷቸው ጥሩ ናት፣ እንዳልባረር እፈራለሁ። ሎቢው መሐል የመስታወት ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ቼዝ ተደርድሯል። እኔ እስከማውቀው አንድም ሰው ተጫውቶበት አያውቅም። ጠዋት ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ አንስታ ትወለውላለች፣ ከዚያ ደስ ባላት ቦታ ትመልሳቸዋለች። አንዳንድ ቀን ፈረሱ ብቻውን መሐል ሜዳ ቆሞ ይውላል። አንዳንድ ቀን ሁለቱ ንግሥቶች ጎን ለጎን ሆነው የሚያሙ ይመስላሉ።

አንድ ቀን የቴሌቪዥን ሰዎች መጡ። እንግዳቸው ስኬታማ ሰው ናቸው። በምን እንደተሳካላቸው ለመስማት ቀርቤ ነበር፣ ግን መጀመሪያ መብራት ተተከለ፣ ገመድ ተዘረጋ፣ የሎቢው አበባ ሁለቴ ቦታ ተቀየረለት። ካሜራማኑ ቼዙን ሲያይ ፊቱ በራ።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡልኝ።"

ተቀመጡ። "የትኛውን ልያዝ?" አሉ።

"ደስ ያለዎትን። ብቻ ያስቡ።"

"ምን ላስብ?"

"ዝም ብለው ያስቡ። እጅዎን አገጭዎ ላይ ያድርጉት።"

አሰቡ። እውነት ለመናገር ሲያስቡ ያምርባቸዋል። ከዚያ አንዲት ወታደር አነሱና ሦስት ቤት ወደ ጎን ወሰዷት። የቼዝ ወታደር ወደ ጎን አትሄድም። የሳቸው ሄደች። ስኬት ማለት እንግዲህ ይሄ መሰለኝ።

እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ሰሌዳው ላይ ነበር። የቼዝ ሰሌዳ ሲዘረጋ በተጫዋቹ ቀኝ እጅ በኩል ያለው የማዕዘን ቤት ነጭ መሆን አለበት። "ነጭ በቀኝ" ብሎ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚማራት ሕግ ናት። የሳቸው ጥቁር ነበር። ሰሌዳው ዘጠና ዲግሪ ዞሯል። ከአራት አቅጣጫ ሁለቱ ትክክል ናቸው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስቀምጥ ሰው እንኳ ግማሽ ዕድል አለው። የኛ ባለሙያዎች ግን፣ እኔ ባየኋቸው ድራማና ማስታወቂያዎች ሁሉ፣ ለዕድል ቦታ አይሰጡም። እንዲህ ሳይስቱ መሳት ቀላል ችሎታ አይደለም።

ድራማ ካነሳን የድራማ ቼዝ የራሱ ደንብ አለው። ቼዝ ያለው ቢሮ የመጥፎው ሰውዬ ቢሮ ነው። ሰውዬው ክፉ መሆኑን በንግግር ማስረዳት ድካም ነው፣ ደራሲም ይፈልጋል። 64 ቤት ያለበት እንጨትና አንድ ብርጭቆ ውስኪ ካስቀመጥክለት ግን አለቀ፣ ተመልካቹ ሴረኛ መሆኑን ያውቃል። ስልክ ሲደወልለት ንጉሡን በጣቱ ገፍቶ ይጥላል። የማንን ንጉሥ? ብዙ ጊዜ የራሱን። በጨዋታው ደንብ ይሄ "ተሸነፍኩ" ማለት ነው። ሰውዬው ግን ይስቃል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል።

ሌላው ደግሞ የድራማ ቼዝ ሁልጊዜ የሚያልቀው በድንገት ነው። አንዱ "ቼክ ሜት" ይላል፣ ሌላው ዓይኑ ይፈጣል። ታላላቆቹ ተጫዋቾች እኮ ሜት እስኪሆኑ ቁጭ ብለው አይጠብቁም። ሽንፈቱ ሲታያቸው እጅ ይጨባበጡና ይነሳሉ። ይሄ ለቴሌቪዥን አይሆንም። ዓይን ማፍጠጥ የለውም።

ፈረንጆቹ በዚህ ነገር ገንዘብ ያባክናሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኔትፍሊክስ የወጣውን የቼዝ ተከታታይ ድራማ፣ "ዘ ኩዊንስ ጋምቢት" የሚባለውን ሲሠሩ አማካሪ ብለው የጠሩት ጋሪ ካስፓሮቭን ነው። የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ሰውዬ! ምን አደከማቸው? የኛን የጽዳት ሠራተኛ ቢጠይቁ በአንድ ጠዋት ደርድራ ትሰጣቸው ነበር።

የሉዊ ቪቶን ማስታወቂያም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሲል ሜሲና ሮናልዶ ሻንጣ ላይ ቼዝ ሲጫወቱ የሚታዩባት ፎቶ ወጣች። ፒያሳ ላይ ያኔ ጉድ ተባለ። የባጃጅ ሹፌሮች ሥራ ፈተው ተከራከሩ። ማን ነው የሚያሸንፈው? አንዱ የሜሲን ዓይን አይቶ "ይሄ ሰው ጨርሶታል" አለ። ሌላው የሮናልዶን ትከሻ አይቶ ፈረደ። ጠጠሮቹን ያየ ሰው አልነበረም፣ ለነገሩ ምን ያደርጉለታል። የጠጠሮቹ አቀማመጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የቼዝ ሊቆቹ ማግነስ ካርልሰንና ሂካሩ ናካሙራ ከተጫወቱት እውነተኛ ጨዋታ የተቀዳ ነው። ያ ጨዋታ በአቻ አልቋል። ይሄን ብናገር ሁለቱም ወገን ሊደበድበኝ ስለሚችል ማኪያቶዬን ጠጥቼ ዝም አልኩ።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ተንታኞቻችንን ነው። ድሮ ጦርነት ጦርነት ይባል ነበር፣ ድርድርም ድርድር። አሁን ሁሉም ቼዝ ነው። የቀጣናው ቼዝ፣ የኃያላኑ ቼዝ፣ የወደቡ ቼዝ። ሚኒስትር ከቦታው ሲነሳ "ቼክ ሜት!" የሚል ርዕስ በትልቁ ይወጣል። በሳምንቱ ሰውዬው ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታያል። ንጉሥ ማምለጫ ካለው ቼክ ነው እንጂ ሜት አይባልም፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ግን ማን ይሰማል? እኛ አገር ቼክ ሲባል ባንክ ነው ትዝ የሚለን። ስለዚህ የተንታኞቹን ቼክ ሜት በባንክ ቋንቋ ደረቅ ቼክ ብዬዋለሁ። አምሮ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ስንቅ አለው ብለህ መስኮት ጋ ስትደርስ ወፍ የለም።

ጋዜጦቻችን ሰንጠረዥ ረስተዋል ብሎ የሚያማቸውም ይሳሳታል። በየሳምንቱ ያወጣሉ። አርሴናል ስንተኛ፣ ማንቸስተር ስንተኛ፣ ፋሲል ከነማ ስንተኛ እንደሆነ በሰንጠረዥ ነው የምናየው። አያቶቻችን ሰንጠረዥ የሚሉት የራሳችን ቼዝ እንደነበር ለአንድ ወጣት ብነግረው "በየትኛው ሊግ?" አለኝ።

ያ ሰንጠረዥ የሹማምንት ጨዋታ ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን፣ እ.ኤ.አ. በ1860 እዚሁ ጎንደር አቅራቢያ ተወግቶ የሞተው ማለት ነው፣ አጨዋወቱን ጽፎ ትቶልናል። የሚጫወቱበት ቀይ ጨርቅ ላይ ነበር፣ ቤቶቹ የሚለዩት በመስመር ነው። ነጭና ጥቁር የሚባል ቤት የለም። እዚህ ጋ ነው እኔ የደነገጥኩት። ለካ ሰሌዳውን አዙረው የሚያስቀምጡት ባለሙያዎቻችን ተሳስተው አይደለም! ወግ እየጠበቁ ነው። ነጭ በቀኝ የሚባል ነገር አባቶቻችን አያውቁም ነበር።

ሌላም ቅርስ አስቀርተውልናል። የሰንጠረዥ መጀመሪያ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል፣ ባንድ ጊዜ፣ እንደፈለጋቸው ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በተራ በተራ ይሆናል። የማታ የቴሌቪዥን ክርክር የሚያይ ሰው ወረራው ምን ያህል በጥንቃቄ እንደተጠበቀ ይመሰክራል። ሁለት እንግዶች ባንድ ላይ ይናገራሉ፣ አወያዩም ሦስተኛ ሆኖ ይገባል። ልዩነቱ በተራ በተራ የሚባለው ክፍል ከመድረሱ በፊት ሰዓቱ ማለቁ ብቻ ነው።

ወደ ስኬታማው ሰው ልመለስ። የሎቢው ቀረጻ ሲያልቅ ካሜራማኑ አዲስ ሐሳብ መጣለት። ቼዙን ይዞ ወጥቶ የቼዙን ግንብ ከፋሲል ግንብ ጋር አንድ ላይ ሊያነሳ ፈለገ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተከተልኳቸው። ጃን ተከል ዋርካ አካባቢ ጥላ ያለበት ቦታ ተመረጠ። ችግሩ ቦታው ተይዟል። ሁለት ሊስትሮ ልጆች ካርቶን ላይ መስመር አስምረው በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። የአንደኛው ቆርኪ በጀርባው፣ የሌላው በፊቱ ተደርድሯል፣ አብዛኛው የዳሸን ቢራ ነው። አምስት ስድስት ሰው ከቧቸዋል። ትንሹ ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። አገጩን አልያዘም፣ እጁ ቀለም ነበረበት። ከዚያ አንዲት ቆርኪ አነሳና ጣ፣ ጣ፣ ጣ አድርጎ ሦስት ባንዴ በላ። የከበበው ሰው ጮኸ። ጫማቸውን ሊያስጠርጉ አንድ እግራቸውን ሳጥኑ ላይ ያስቀመጡ ሽማግሌ "ወይኔ ልጄን!" አሉና ብርሹን ራሳቸው አንስተው መጥረግ ጀመሩ።

ካሜራማኑ በትህትና ጠጋ አለ። "ልጆች፣ ትንሽ ዘወር በሉልን። ቼዝ ልንቀርጽ ነው።"

ዘወር አሉ። ካርቶኑን በአራት እጅ፣ ቆርኪው ሳይነቃነቅ፣ እንደ ታቦት ቀስ አድርገው ተሸክመው ሄዱ። በነሱ ቦታ የሆቴሉ ሰሌዳ ተቀመጠ። ነጩ በግራ ነበር።

ፕሮግራሙ ከተላለፈ በኋላ ባለፈው ቅዳሜ ወደ ሎቢው ተመለስኩ። ሰሌዳው ቦታው ላይ ነው፣ ጥቁሩ ንጉሥ ግን የለም። የሆነ እንግዳ ልጅ ይዞት ሄዷል አሉ። በንጉሡ ቤት የጥርስ እንጨት ማስቀመጫ ቆሟል፣ ጥቁር ነው፣ ቁመቱም ይመጥናል።

"ይሄ ምንድነው?" አልኩት አስተናጋጁን።

ማኪያቶዬን ሰሌዳው ላይ፣ ፈረሱን ገፋ አድርጎ እያስቀመጠ፣ "አይ ጋሼ፣ ካሜራ ላይ አይለይም" አለኝ።