ለክቡር ማስያዣ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለአንድ ጊዜ እንኳን ዞር እንዲሉልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከቤት ካርታ እጦት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ጀማሪ ኩባንያችን ለመድኃኒት ቤቶች የክምችት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ይሠራል። የትኛው መድኃኒት መቼ ጊዜው እንደሚያልፍበት አስቀድሞ ይናገራል። ደንበኞች አሉን፤ የሚገርመው ደግሞ ይከፍላሉ። ይህን ሁሉ ለባንኩ የብድር ባለሙያ ሳስረዳ በጥሞና አዳመጠኝ፤ እንዲያውም ለአክስቱ መድኃኒት ቤት እንደሚበጅ ነገረኝ። ከዚያ እርስዎን ጠራ። «ማስያዣ ምን አለዎት?» ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሥራችንን ባሳየው፣ ቤት ወይም መኪና ማለቱ እንደሆነ በትሕትና አረመኝ። ለቤት ግምት የሚልኩት መሐንዲስ አላቸው፤ ለሶፍትዌር ማንን ይላኩ?

በ2011 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ሥልጣንዎን የሚያለዝበው መስሎን ነበር። ከብትና እህል ሳይቀር መያዣ መሆን ይችላል ተባለ። ለበሬው ደስ ብሎኛል፤ ይገባዋል። እኔም አንድ በሬ ገዝቼ የኩባንያችን የፋይናንስ ኃላፊ አድርጌ ልሾመው አስቤ ነበር። መግዣውን ማን ያበድረኛል?

ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ በባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ላይ የ14 በመቶ ጣሪያ ሲያበጅማ፣ ቤት የሌለን ሰዎች ቢያንስ ጣሪያ አገኘን ብለን ተጽናናን። ከጣሪያው ሥር ቀድመው የተጠለሉት ግን የእርስዎ ወዳጆች ናቸው። ቤት ያለው ሰው ቤቱን አስይዞ ይበደራል፣ በብድሩ ሌላ ቤት ይሠራል፣ አዲሱንም ያስይዛል። ዘርዎ ይባረክ፣ በዝቷል።

ከሁሉ የከፋው ከዘመድ ማቆራረጥዎ ነው። አጎቴ በበዓል ቀን እንኳን ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ካርታው በእኔ ስም አይደለም» ይለኛል። እንኳን አደረሰህ ልለው ነበር የሄድኩት! አልቀየመውም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ መያዣውን ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ እንደሚችል ያውቃል፤ ጋዜጣም ሲገዛ መጀመሪያ የሚያነበው የሐራጅ ማስታወቂያውን ነው። ዕድሜውን የጨረሰባት ቤት በእኔ ሶፍትዌር ሰበብ እዚያ ገጽ ላይ እንድትወጣ አይፈልግም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ለጥቂት ደቂቃ ከወንበሩ ተነሥተው፣ ባለሙያው ከደንበኞቻችን ጋር የተፈራረምናቸውን ውሎችና በየወሩ ወደ ሂሳባችን የሚገባውን ገንዘብ እንዲያይ ቢፈቅዱልን? ገንዘቡ የሚገባው እኮ እዚያው ባንክ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ንግድ ፈቃድ ያለው፣ ሊብሬ የሌለው አመልካች

ግልባጭ፦
ለአጎቴ (ካርታው ባለበት ይቆይ)
ለፋይናንስ ኃላፊያችን (ሲገዛ)