ፍሬን በድንገት አይበጠስም

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የጭነት መኪና ባለንብረት የሆኑ ሰው ስለ ጥገና ተጠይቀው ሲመልሱ ሰማሁ። መኪናው ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ ቦሎ ከተለጠፈለት ባለንብረቱ ግዴታውን ተወጥቷል አሉ። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢበጠስ የፈጣሪ ፈቃድ እንጂ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ፍሬን ሊበጠስ ሲል ቀድሞ አይናገርምና። አወያዩ አመስግኖ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

ፍሬን አይናገርም? ከመኪና ዕቃ ሁሉ እንደ ፍሬን አብዝቶ የሚናገር የት አለ? ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨምቆ የሚይዘው ሸራ ሲሳሳ ያፏጫል። ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን እየፋቀች እንድትጮህ ብቻ ተብላ የምትገጠም ቀጭን ብረት አለች፤ ሰው እንዲሰማ ሆን ተብሎ የተሠራ ጩኸት ነው። ሰሚ ሲያጣ ፉጨቱ ወደ ብረት ለብረት ፍጭት ይለወጣል። ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ይላል። መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የፍሬን ዘይቱ ይጎድላል፣ ቀይ መብራት ይበራል። በከባድ መኪና ላይ ደግሞ ፍሬኑን የሚያሠራው የአየር ግፊት ሲወርድ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። ከዚህ ወዲያ በምን ቋንቋ ይናገር?

ነገሩ የተበላሸው ከአነጋገራችን ነው። «መኪናው ፍሬን በጠሰ»፣ «ፍሬን እምቢ አለኝ» እንላለን። ፈረስ ልጓም ቢበጥስ ይገባኛል። ፈረስ ነፍስ አለው፣ ይደነብራል፣ እምቢም ይላል። ብረት ግን አይደነብርም። ያንን የፈረስ ቋንቋ ወስደን በሞተር ላይ ስንጭነው፣ ሸራ መቀየር የነበረበት ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ዜናውም «አደጋው የደረሰው በፍሬን ብልሽት ነው» ብሎ ያበቃል። ማን ያበላሸው ብልሽት? ሸራው ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው መቼ ነው? የሚጠይቅ የለም። ሟች ይቀበራል፤ ጥፋተኛው ፍሬን ሆኖ ይቀራል።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሁሉ ነገሩን በእግሩ ያውቀዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከነጭነቱ ሃያ ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ፣ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ሞተሩን ካላሠራው በስተቀር ያ ሁሉ ክብደት በፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ቢጠራቀም ሦስት በርሜል ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው የሸራ ውፍረትና ሸራው ከውስጥ እየገፋ የሚይዘው የታምቡር ብረት ነው። ሸራው ሙሉ ሆኖ፣ አየሩ ሳያፈስ፣ ማስተካከያው ተጠብቆ ከሆነ ይችለዋል። ሸራው ካለቀ፣ ታምቡሩም ግሎ ከሰፋ፣ እግር ቢረግጥም የሚይዝ ነገር የለም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፍሪ አድርጎ የሚለቅ ሾፌር ሲጨመርበትማ ምን ቀረ?

በትንንሾቹ መኪኖች ላይ ያለውም የባሰ ቸልተኝነት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም። ከመቶ አራት እጅ የማይሞላ ውሃ ሲገባበት ግን 155 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ይታመቃል፣ ፔዳሉም ባዶ ሆኖ ወለል ይነካል። ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው። ጎረቤትዎን የፍሬን ዘይት መቼ እንደቀየረ ይጠይቁት፤ የሞተር ዘይት የቀየረበትን ቀን ይነግርዎታል።

ሳሪስ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የራሴን መኪና ልወስድ ሄጄ አንድ ሚኒባስ በክሪክ ተነሥቶ የፊት ጎማው ወልቋል። መካኒኩ ሸራውን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ሸራ የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ባዶ ብረት ነው። ዲስኩ እንደታረሰ መሬት ተቦርብሯል። ከረዳቱ መቀመጫ ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ አየሁ፣ ጠርዙ ከመነካካት ብዛት ለስልሷል። ዳገት ላይ ተሳፋሪ ሲወርድ ረዳቱ ዘሎ ጎማ ሥር የሚያደርገው መሆኑ ነው። ባለንብረቱ «እስከ ወሩ መጨረሻ ይገፋልኝ ይሆን?» ብሎ ጠየቀ። መካኒኩ ቀና ብሎ አየውና «ወንድሜ፣ ይሄ ያለቀው ከሁለት ወር በፊት ነው» አለው። ሁለት ወር! ጠዋት ማታ የሰው ልጅ ሲያመላልስ።

ያ ሚኒባስ ቦሎ ነበረው።

ስለዚህ ቦሎን እንደ ጋሻ አታንሡብን። ምርመራው የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ለዚያች ቀን የደህና መኪና ጎማ ተውሰው አስገጥመው፣ እሳት ማጥፊያ ለምነው ይዘው ሄደው፣ ማታውኑ የሚመልሱ ሰዎች እንዳሉ ጋራዥ ደጃፍ የቆመ ሁሉ ያውቃል። የቀረውን 364 ቀን ማን ይመረምረዋል?

መለዋወጫ ተወድዷል የሚለውን አልክድም። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ሶማሌ ተራ ሄዶ ዋጋ የጠየቀ ሰው ደንግጦ ነው የሚመለሰው። ግን ሸራ መግዣ አጣሁ የሚል ባለንብረት ከተፈቀደው በላይ ኩንታል የሚጭንበት ገንዘብ ከየት መጣለት? ትርፍ ጭነቱ ያስገኘውን ለሸራው መለስ ቢያደርግ ምን ነበረበት? እኔ በበኩሌ በድንገት የተበጠሰ ፍሬን አለ ብዬ አላምንም። እስኪበጠስ የተጠበቀ ፍሬን ነው ያለው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በየአደጋው የፖሊስ ሪፖርት ላይ «የፍሬን ብልሽት» ከሚለው ቃል አጠገብ አንድ መስመር ይጨመር፦ ሸራውና ዘይቱ የተቀየሩበት ቀን፣ ከነደረሰኙ። በሬዲዮ የሰማናቸው ባለንብረትም ለሚቀጥለው ውይይት ሲጋበዙ የመኪኖቻቸውን የጥገና ደረሰኝ ይዘው ይምጡና ቀኑን በድምፃቸው ያንብቡልን።