ነብሮን የጠየቁ ጎረቤቶች

በርሊን በምኖርበት ሕንፃ ከበታቼ ያሉት አረጋዊት ጎረቤቴ ስሜን እስካሁን አያውቁትም፤ የውሻዬን የነብሮን ስም ግን ከነዕድሜው ያውቃሉ። ይህ ከዚህ ሚያዝያ በፊት ብዙም አይከነክነኝም ነበር። ነብሮን አንድ ምግብ አመላላሽ ወጣት በኤሌክትሪክ ብስክሌት ገጭቶት የኋላ እግሩ ተሰበረ፤ ብዙም ሳይቆይ ታናሺቱ ቡቺ መናፈሻ ውስጥ የተሰባበረ የቢራ ጠርሙስ ረግጣ መዳፏ ተተለተለ። ሐኪሙ የነብሮን አጥንት በብረትና በብሎን አጋጥሞ፣ እንዳይዘልና ደረጃ በራሱ እንዳይወጣ አዝዞ ሰደደን። እኔም የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ ቤት ዋልሁ።

ዝናቡን ወድጄዋለሁ። የበርሊን የጸደይ ዝናብ የሐምሌን ዶፍ አያውቅም፤ ካፊያ ሆኖ ይጀምራል፣ ካፊያ እንደሆነ ይመሻል፣ በመሃል ፀሐይ ብልጭ ብላ ትጠፋለች። አውቶቡስ እንዳያመልጥ የማይሮጡበት ዝናብ ሲሆን ደግሞ፣ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ቡና እያፈሉ ማየቱ ራሱን የቻለ ዕረፍት ነው። ችግሩ ውሻ በዝናብም ቢሆን መውጣት አለበት። የቡቺን ፋሻ በዳቦ ፕላስቲክ ጠቅልዬ ከላይ በላስቲክ አስራለሁ፤ እንደተመለስን ወዲያው እፈታዋለሁ፤ ምክንያቱም እርጥበት ውስጥ የታፈነ ቁስል ይመግላል። በጣቶቿ መካከል ያለውን በፎጣ ሳደርቅ ታጉረመርማለች እንጂ አትነክስም። የተረፈ ወጥ መስጠት የተከለከለ ነው፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። አገር ቤት በዶሮ ወጥ ፍትፍት ያረጁትን የግቢ ውሾች ሳስብ ግን ግራ ይገባኛል።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ነብሮ ከታከመ በኋላ በሩ ሰው አላጣም። አረጋዊቷ የደረቀ ሥጋ ይዘው መጡ፤ ከላይ ያሉት ባልና ሚስት ልጃቸው የሣለችውን ሥዕል በራፌ ላይ ለጠፉ፤ “ቶሎ ዳን ነብሮ” ይላል። እኔ ባለፈው ዓመት ትርፍ አንጀቴን ተቀድጄ ግድግዳ ተደግፌ ይህንኑ ደረጃ ስወጣ ግን፣ ከእነዚሁ ሰዎች ያገኘሁት የዘወትር ሰላምታ ብቻ ነበር። አገር ቤት ቢሆን አጥሚት የሚይዘው፣ ብርቱካን የሚይዘው፣ ሳያስፈልግ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ የሌላ ሰው ቀዶ ሕክምና እንዴት እንደከሸፈ የሚተርከው ጠያቂ መግቢያ መውጫ ያሳጣኝ ነበር። ያኔ ያማርረኝ የነበረው ተራኪ እንኳ ናፈቀኝ።

እናቴ በስልክ፣ “ለውሻ ብለሽ ከሥራ ቀረሽ? ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?” አለችኝ። አልፈርድባትም። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው የሚተላለፈው ከውሻ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ እኛም ድንጋይ አንስተን ያደግነው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። የማይዋጥልኝ ግን ከድንጋዩ የባሰው ነው፤ ማለትም መርዝ ያለበት ሥጋ ሌሊት በየመንገዱ በትኖ የባለቤት አልባውንም የጎረቤቱንም ውሻ ጠዋት እየጎተቱ መልቀም። ጀርመኖችም ምግብ በትነዋል፤ እነሱ የበተኑት ግን ክትባት የያዘ ነበር። እንክብሉን ቀበሮ በሚወደው መኖ ሸፍነው በአውሮፕላን በየጫካው ጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከሌሊት ወፍ በስተቀር አገራቸው ከበሽታው ነጻ ሆነች። ይህ ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ በባሌ ተራሮች፣ ውሾች ባስተላለፉት በዚሁ በሽታ በተደጋጋሚ ላለቀው ቀይ ቀበሮ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ክትባት በፍየል ሥጋ ተሸፍኖ ተሰጥቶታል። ለቀበሮው የታሰበው ዘዴ ለሰፈሩ ውሻ ሳይታሰብ መቅረቱ ይገርመኛል።

እዚህ ደግሞ ውሻ ግብር ይከፈልበታል። በርሊን ለመጀመሪያው ውሻ በዓመት 120 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 180 ዩሮ ስለምታስከፍል፣ ነብሮና ቡቺ በ300 ዩሮ የታወቁ ነዋሪዎች ናቸው። የእንስሳት ጥበቃም እ.ኤ.አ. በ2002 በሕገ መንግሥቱ ገብቷል። ስለዚህ ለነብሮ ስደውል ተቀባይዋ፣ “አሁኑኑ አምጪው” ማለቷ ሊያስደንቀኝ አይገባም፤ ሂሳቡንም ከኪሴ ከፍያለሁ። የሚያበሳጨኝ በዚያው ሳምንት ለራሴ ጉልበት ስደውል የተሰጠኝ መልስ ነው። ነብሮ ብሎኑ እንዲታይለት ለፊታችን ማክሰኞ ተቀጥሯል፤ የእኔ ቀጠሮ ለመስከረም ነው፤ ሕንፃው አሳንሰር ስለሌለው ደግሞ ማክሰኞ ነብሮን ታቅፌ አራት ፎቅ የምወርደው በዚሁ ጉልበት ነው።